ለካፒቴን ስክሪን ስመርጥ

የካቲት 4

ይቺን ውሸቴን እዚህ ካልተነፈስኳት የት እተነፍሳታለሁ? ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ደረጃ ላይ ያዘችኝ። «ባልሽ የት ጠፋ?» «የኮምፒውተር ሥራ ጀምሯል!» አልኳት። አፌ ላይ ከየት እንደመጣ...

ሥራ ተብዬው ጌም ነው። የአውቶቡስ ጌም። ልቡን ከታመመ ወዲህ ሐኪሙ መሪ እንዳይነካ ከለከለው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣ ባልደረቦቹ «ካፒቴን» የሚሉት ሰው፣ ስድስት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የቤት ንድፍ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ሌላ ከተማ ተመድባ ስትሄድ ጉልበተኛ ኮምፒውተሯን ትታለት ሄደች። የጌም መሪም ገጠመችለት። «ጋሼ፣ ይሄ እንኳን አውቶቡስ አውሮፕላን ያስነዳል!» ተነስቶ ተቀመጠ። በደስታ መብረር ቀረኝ!

ግን ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያጥወለውለዋል። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ አንድ ቀን አላቅለሸለሸኝም። ቤቴ ቁጭ ብዬ?» ተመልሶ ተኛ።

የካቲት 6

ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። «አክስቴ፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ወደኋላ የሚጎትተው ስክሪኑ ነው። ምስሉ ሲቆራረጥ ነው ጋሼን የሚያጥወለውለው።» ከቢሮ የተጣለ አሮጌ ስክሪን... ምስሉን በሴኮንድ ስድሳ ጊዜ ብቻ ነው የሚያድሰው። ኮምፒውተሩ ግን ከዚያ እጥፍ በላይ መላክ ይችላል። «ከመቶ አርባ ጊዜ በላይ የሚያድሰውን ግዢ። ትልቅነቱን አይተሽ እንዳትታለዪ!»

እኔ? መቼ ታልዬ አውቃለሁ?

የካቲት 9

ልታለል ትንሽ ቀረኝ። መስኮት የሚያክል፣ ጎበጥ ብሎ ሊያቅፈኝ የደረሰ ስክሪን! ሻጩ ሽበታም ነው፣ ጨዋ። «እትዬ፣ እሱ በሴኮንድ ሰባ አምስት ጊዜ ብቻ ነው የሚያድሰው። ለፊልም ያምራል። የሚጫወተው ማነው?» «እኔ ነኝ» አልኩ። አሁንስ ውሸቱ በዛ።

ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን ከፈተልኝ። ያው መኪና በሁለቱም ይሮጣል። በአንዱ ስቅታ እንደያዘው ሰው ይነጥራል፤ በሌላው እንደ ዘይት ይፈሳል። ዘይቱን ገዛሁ። መቶ ስልሳ አምስት። በስፋቱ ከዚያኛው በጣም ያንሳል... ዓይኔ ግን እስከ በሩ ድረስ እዚያኛው ላይ ነበር።

የካቲት 10

ራሴ ገጠምኩት። ካፒቴን አምስት ደቂቃ ነድቶ ዓይኑን ጨፈነ። «ያው ነው። ተይው፣ አትልፊ። እኔ አልቆልኛል።»

አልቆልኛል ያለው ስለ ጌሙ አልመሰለኝም። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

የካቲት 11

የእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለች። «እስቲ ስክሪኑን አሳዪኝ። ላዩ ላይ የሚብለጨለጨው ምንድን ነው?»

«ላስቲኩ ነዋ!»

«ለምን አልላጥሽውም?»

«እንዳይጫር!»

«ወይ አክስቴ... ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ገመድስ?»

«መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። አሮጌው እየሠራ አዲሱን ምን አስጎተተኝ?»

ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «የእናቴ እህት መሆንሽ ታወቀ!» ለካ አሮጌው ገመድ ከስድሳ በላይ አያሳልፍም! አዲሱን ሰካሁ፣ እሷ እየነገረችኝ ቁጥሩን መቶ ስልሳ አምስት ላይ አደረግኩት። ላስቲኩንም ላጥኩት፣ ቆዳዬ የተላጠ ያህል እየተሰማኝ።

«ካፒቴን፣ አንዴ ብቻ... ለእኔ ስትል።»

እያጉረመረመ ተቀመጠ። ዐሥር ደቂቃ። ሃያ። አርባ! አተነፋፈሱን እየሰማሁ ከኋላው ቆምኩ። ዞር ሳይል፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በሩ ላይ አትቁሚ! ሰው ይውረድበት!» አለኝ።

ተቆጣኝ! በስድስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ።

የካቲት 17

ጢሙን ተላጨ። ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፣ ኮሌታውን ትንሽ አቃጠለው።

ነገ የሐኪም ቀጠሮ አለው። «ታክሲ ልጥራ?» ስለው ራሱን ነቀነቀ። «በአውቶቡስ እንሄዳለን።»

ከታመመ ወዲህ አንድም ቀን አውቶቡስ አልተሳፈረም። ሌላ ሰው ሲነዳ ማየት አልችልም ብሎ!

«ሹፌሩን እንዳትሰድብ» አልኩት።

«በትክክል ከነዳ ለምን እሰድበዋለሁ?»

«ከነዳ» ያላት ነገር አስፈራችኝ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችውን ወንበር ይመርጣል፣ አውቀዋለሁ። አፉን መያዝ አለመያዙን፣ ነገ ስንመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ እዚህ እጽፈዋለሁ።