በገዛ ቤቴ ደንቆሮ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ለእትዬ ማርታ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? የካናዳው ብርድ እንዴት አድርጓችኋል? የጉልበትሽ ሕመምስ ተሻለሽ ወይስ አብሮሽ ባሕር ተሻገረ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችን ጆሯ ጨርሶ ከመድከሙ በቀር ጤናዋ ደህና ነው፤ ምላሷም እንደምታውቂው ነው።

ስለ ራሴ ደህና ነኝ ብል ግን እዋሽሻለሁ። ቅናት ይዞኛል፤ ለዚያውም በገዛ ሚስቴ።

የአባታችን የሽመና ዕቃ ያበላን በነበረ ጊዜ ታቢታ ከጎኔ ቁጭ ብላ ማጉን ታጠነጥንልኝ ነበር። አብረን እንዘፍናለን፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ እንደ ሸማኔ ደንብ ሥራ ፈትተን አብረን ሜዳ እንወጣለን። ለእጅ ሽመና የሚከፈለው ድንች እንኳ አልገዛ ሲል እሷ በእንፋሎት የሚሠራ የሽመና ፋብሪካ ገባች። ጎህ ሳይቀድ የፋብሪካው ደወል ሲጠራት ብድግ ትላለች። እኔ ጠርቻት እንደዚያ ፈጥና ተነሥታ አታውቅም። በደወልም ይቀናል ወይ ብለሽ ትስቂ ይሆናል፤ ይቀናል።

የባሰው ግን ከንፈራቸው ነው። የእንፋሎቱ ማሽን ጆሮ ስለሚያደነቁር ሠራተኞቹ ድምፅ ሳያወጡ በከንፈር ብቻ ይነጋገራሉ። ይህንኑ ዐመል ቤት ይዘውት ይመጣሉ። ጓደኞቿ እሳት ዳር ተቀምጠው ከንፈራቸውን ያላውሳሉ፣ ከዚያ ይንከተከታሉ። እኔ መሐል ቁጭ ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ የክፍሏ አለቃ ሆልት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። መልከ መልካም መሆኑን መካድ አልችልም፣ ደስ ግን አይለኝም። ታቢታ ከንፈሯን አንቀሳቀሰችለት፤ እሱም አንቀሳቀሰላት። እንደገና መለሰችለትና ፊቷ ቀላ። ምን አልሽው ስላት «የሥራ ነገር ነው፣ አንተን ምን ያንጨረጭርሃል?» አለችኝ።

ክንዴን ይዛ የነበረችው እናታችን ስትስቅ ያኔ ነቃሁ። ጆሯ ከደከመ ወዲህ የሰው ወሬ የምታገኘው ከንፈር እያየች አይደል? ሁሉንም አንብባዋለች። ብለምናት «ደግሞ ወሬ አመላላሽ ልታደርገኝ?» ብላ ተኮፈሰችብኝ። በስንት ልመና እንዲህ አለችኝ፦ «‹ባሌን ከእኔ አጠገብ ያለው ማሽን ላይ ቅጠረው፤ እንደለመንኩህ ግን እንዳይሰማ፣ ኩሩ ነው› አለችው። ‹ሸማኔ ሞልቷል፣ ለምን እሱ?› ቢላት ‹ቀኑን ሙሉ የማየው ፊት የእሱ እንዲሆን ነዋ› አለችው፣ አንተ ቂል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስም ብሎኛል። ያንን ቃል ከእኔ በፊት ሆልት መስማቱ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ለእኔ ብላው አታውቅም።

ስለዚህ እትዬ፣ የአባታችን ዕቃ ግማሹ ያንቺ ነውና እንድሸጠው ፈቃድሽን ላኪልኝ። ሆልት በራሱ ያሰበው አስመስሎ ከታቢታ አጠገብ ሥራ አለልህ፣ እስከ ፋሲካ እጠብቅሃለሁ ብሎኛል። በደወል መታዘዝ ለእኔ ሞት ነው፤ እነሱ ሲያወሩ ቤት መቅረት ግን የባሰ ሞት ነው። ትናንት እራት ላይ ድምፅ ሳላወጣ አንድ የፍቅር ቃል ብያት ነበር። «ድንች ጨምሪልኝ ነው?» ብላ አቀበለችኝ፤ እናታችን በሳቅ ሞተች።

ባለቤትሽን ክፉ አይንካህ ብሎሃል በይልኝ። ትንሿን ሩትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለሳሙኤልም አጎትህ የአያትህን መወርወሪያ አስቀርቶልሃል በይው። እናታችን ሁላችሁንም ትመርቃችኋለች። ታቢታም ሰላም ብላሻለች፤ በከንፈሯ ነው ያለችው፣ ይህችን ግን ማንንም ሳልጠይቅ ራሴ አነበብኳት።

ወንድምሽ ጃቤዝ
ፓዲሃም፣ ላንካሺር
ኦክቶበር 14 ቀን 1834