የእናቴ ሰባት ቤት

ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይ? ላሟስ ወለደች? እኔ ከዚህ አገር ነፋስ በቀር ክፉ ነገር አልነካኝም፤ መድኃኔዓለም ይመስገን።

የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት መቀበልሽን ስሰማ ለባልደረቦቼ ሁሉ እየዞርሁ አወራሁ። እስከ ዛሬ የሚያነብልሽ ወንድሜ ሞላ ስለ ነበር የልቤን አልጽፍልሽም ነበር። ይህን ግን ራስሽ አንብቢው። ፊደሉን አጉልቼ ጽፌዋለሁ፤ ለማንም አታስነብቢ።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ጥንት ግብጾች ሳስተምር ሰሌዳው ላይ መሰላል ሥዬ፣ ከላይ ፈርዖንን፣ ቀጥሎ ካህናቱንና ጸሐፊዎቹን፣ ከታች ገበሬውንና ሸክላ ሠሪውን ደረደርሁ። ሴቶቻቸው በስማቸው መሬት ይይዙ፣ ዳኛ ፊት ቆመው ይከራከሩ እንደ ነበር ነገርኋቸው። ከአማልክታቸው አንዱ ሰውን ከጭቃ እየሠራ ይፈጥራል ብለው ያምኑ እንደ ነበርም ጨመርሁ።

ለትምህርት ቤቱ የውኃ ጋን ይዛ የመጣች ልጅ በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። “መምህር፣ አምላካቸው ሸክላ ሠሪ ከሆነ፣ ሸክላ ሠሪውን ምነው ከታች አዋሉት?” አለችኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ተምሬ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም።

ስሟ አልጣሽ ነው። እናቷ እማማ ጌጤ ስማዳ ውስጥ፣ ከሸክላ ሠሪ በቀር ሰው በማይኖርበት መንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ እዚህ የመጡት በመሬት ድልድሉ ጊዜ ነው። የምትይውን አውቃለሁ፣ እማዬ። ሸክላ ሠሪ ደጃችን ሲደርስ ሌማቱን ከድነሽ እኔን ወደ ጓዳ ታስገቢኝ ነበር። እዚህም የቀበሌው ሊቀመንበር ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ ሁላችንም እኩል ነን እያለ ስብሰባ ላይ ይጮኻል፤ አልጣሽ አጠገብ ግን አይቀመጥም።

እኔ ተቀመጥሁ። ጭቃውን መሬት ላይ አቁማ ራሷ እየዞረችው ጋን ስታወጣ አየሁ። ከእሳት የወጣውን በጣቷ መታ መታ ታደርግና የተሰነጠቀውን በድምፁ ትለያለች፤ አንቺም እንዲሁ በድምፁ ስለምትለዪ አይደል፣ ጎረቤት ሁሉ ጋን ሊገዛ ሲል ገበያ ይዞሽ የሚወጣው። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ወደድኋት፤ ሽማግሌም ላክሁ።

እንደ ደንቡ ዘር ይቆጠር ተባለ። የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት ሳልደናቀፍ ዘለቅሁት። ወዳንቺ ስመለስ ግን ከአያቴ ከካሣነሽ ማለፍ አቃተኝ። ዘመዶቼ ስማዳ ሳሉ በተስቦ አልቀዋል ትይኝ ስለ ነበር ያንኑ ተናገርሁ። ሽማግሌዎቹ ጎደሎ ዘር ይዘን አናጋባም ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ እማማ ጌጤ ቀስ ብለው፣ እናትህ ግራ ክንዷ ላይ የእሳት ጠባሳ አላት ወይ አሉኝ። አላት፣ በልጅነቷ ምጣድ አቃጥሏት ነው አልኋቸው።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያም ያንቺን ወገን አንድም ሳይዘሉ እስከ ሰባት ቤት እሳቸው ቆጠሩልኝ። ከኛ ጋር አይገናኝም፣ ይጋቡ አሉ። ሽማግሌዎቹ ከየት አወቁት ቢሏቸው፣ ጎረቤት ነበርን ከማለት በቀር አልተነፈሱም፤ በዚያ መንደር ጎረቤት ማን እንደ ነበር ግን እኔ አውቃለሁ።

እማዬ፣ አባቴ ያውቅ እንደ ነበር አልጠይቅሽም። መልስ ስጪኝ ብዬም አላስጨንቅሽም። ግን ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ተሸክመሽ፣ በሰው አገር ቤት አቁመሽ፣ እኛን ቀና አድርገሽ አሳደግሽን። ስለ ስንት ንጉሥ አስተምሬ እንዳንቺ ያደነቅሁት የለም።

ሠርጉ በዳግማይ ትንሣኤ ነው። እማማ ጌጤ እንዲህ ትልሻለች በላት ብለውኛል፤ “እንደ ማታውቀኝ ሆና ብትመጣም፣ እንደ ማላውቃት ሆኜ እቀበላታለሁ። ብቻ ትምጣ።”

እመቤቴ ማርያም ጤናና ዕድሜ ትስጥልኝ፤ ምርቃትሽ አይለየኝ።

መቼም ቢሆን በማንም ፊት የማያፍርብሽ
ልጅሽ