ጎዳናውን ስናቀዘቅዝ

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ጠዋት ጎማ አስነፋሁ። ዘይት አየሁ። ከበሩ ጥበቃ ጋር ስለ ሙቀቱ አወራን፤ እሱ ትናንት ይብስ ነበር ይላል፣ እኔ ዛሬ እላለሁ። ሌላ ወሬ የለንም።

ከሰዓት አዲሷ መኪና መጣች። ነጭ። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ እንዲህ ያለ ነጭ አላየሁም፤ እኛ የምናመርተው በሦስት ወሩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። አንድ ቁልፍ ሲነካ ጣሪያዋ ተጣጥፎ ከኋላ ይገባል። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ሰባት ጊዜ ነካው። ክፍት፣ ዝግ፣ ክፍት፣ ዝግ... ሒሳብ ሹሙ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ለምን? እንጃ።

እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልለውም። ቀን ሙሉ ስለው እውላለሁ፣ ይበቃዋል። «ዋናው» እለዋለሁ።

የፊተኛው ሾፌሩ ቀጮ ባለፈው ወር ተባረረ። ጥፋቱ ምን ነበር? ይህችኑ መኪና ከመገዛቷ በፊት ለሙከራ ሲነዱ፣ በዚህ ፀሐይ ጣሪያውን ብንዘጋው አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ይኸው ነው። በማግሥቱ «ሥርዓት የጎደለው» የሚል ወረቀት ሰጡት። እኔን ከጭነት መኪና አውርደው በእሱ ቦታ አስቀመጡኝ። ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ቀርቶኛል። ከዚያ በፊት ከተባረርኩ የሃያ ሁለት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው።

የባለቤቴ መመሪያ አጭር ነው። «መሪውን ያዝ፣ አፍህን ዝጋ።»

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ጣሪያው ተከፈተ። ዋናው ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀመጠ፤ የአለቃ ቦታ እዚያ ነው ይላል። ፊት የሚቀመጠው ጸሐፊ ነው፣ አጃቢ ነው። ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቋል፣ ኮቱን አላወለቀም። ሰው እንዲያየው ቀስ ብዬ እንድነዳ አዘዘኝ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ተተክላለች። ሁለተኛው መብራት ጋ ሳንደርስ ኤሲውን ክፈተው አለኝ።

ጣሪያ የለንም እኮ... አልኩ በሆዴ። ከፈትኩት።

ጨምረው አለ። ጨመርኩ። አይሰማኝም፣ ጨምረው። መጨረሻው ላይ አደረስኩት። ቅዝቃዜው የሚነፍሰው እኔ ላይ ነው፤ እጄ ላይ፣ ሆዴ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ። ከላይ እየተጠበስኩ ከታች በረዶ ሆንኩ። ከጀርባዬ ያለው ሰውዬ ግን ላብ በላብ ነው። ቤት ስገባ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። በዚህ ሙቀት ብርድ መታኝ ብል ማን ያምነኛል?

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ዛሬ የሱፍ ካልሲና ረጅም የውስጥ ሱሪ አድርጌ ወጣሁ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ወድቃ ሳቀች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ኤሲው ተበላሽቷል፣ አሠራው ተባልኩ። ጋራዥ ወሰድኳት። እዚያ ኤሲ የሚሠራው ሰውዬ «በረዶ» ነው የሚባለው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ አላጋጠመኝም። የሙቀት መለኪያውን ንፋሱ መውጫ ላይ ሰክቶ አነበበና ሥጋ ያስቀምጣል እኮ አለ። ከዚያ እኔን ከኋላ አስቀምጦ፣ ጣሪያውን ከፍቶ፣ ኤሲውን መጨረሻ ላይ አድርጎ ሰፈሩን አዞረኝ።

አንዲት ቀዝቃዛ ትንፋሽ አልደረሰችኝም። የሚመጣው ከፊት መስታወቱ በላይ የሚያልፈው የአስፋልት ወላፈን ነው። ፊቴን ገረፈኝ።

በረዶ ነገሩን አስረዳኝ። ጣሪያው ሲከፈት ቅዝቃዜው ከፊት ወንበሮች አያልፍም፣ ንፋሱ ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ወይ ጣሪያውን መዝጋት፣ ወይ ሰውየውን ፊት ማስቀመጥ።

ፊት? ከጸሐፊ ቦታ? ... ይህን ማን ይነግረዋል? ቀጮ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ነው የሄደው።

ተመለስኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ጋዝ ጎድሎት ነበር፣ አስሞልቻለሁ ጌታዬ አልኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

«አሁን ትንሽ ይሻላል» አለ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ጋዝ ለሦስተኛ ጊዜ «ጎደለ»። ጋራዥ እወስዳታለሁ፣ በረዶ ምንም አይነካትም። ጣሪያውን ዘግተን፣ ኤሲ ከፍተን፣ ውስጧ ቁጭ ብለን ዳማ እንጫወታለን። እንዴት ያለች መኪና መሰለችህ! እንደ ምንጭ ዳር ናት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ውሸታም ሆንኩ ማለት ነው? ... ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም። አይ፣ ዋሽቻለሁ። ሦስት ጊዜ።

ዋናው ፊቱ ቲማቲም መስሏል። አፍንጫው ተልጧል። ጸሐፊዋ አዝናለት ባርኔጣ ገዝታ ብታመጣ፣ ሰው አይለየኝም ብሎ መለሰላት። ከእግረኛ መንገድ አንድ ሥራ ፈት እጁን ሲያነሳለት ሙቀቱን ሁሉ ይረሳል፤ ቀና ይላል፣ አንገቱን ያረዝማል። ሥራ ፈቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ያችው፣ ጨምረው። ምኑን ልጨምረው? ጎዳናውን አቀዘቀዝንለት እኮ። የትራፊክ ፖሊሱ ራሱ ባጠገቡ ስናልፍ ደስ ይለዋል መሰለኝ፣ አንድ ቀን አስቁሞን አያውቅም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3

የዛሬውን መጻፍ አልፈለግኩም። ግን ልጻፈው።

መንገድ እየተሠራ ነው ብለው አቆሙን። አርባ ደቂቃ። ጥላ የሚባል የለም። ከፊታችን ትኩስ አስፋልት የጫነ መኪና ቆሟል፣ ትንፋሹ ወደኛ ይመጣል። ዋናው መጀመሪያ ጨምረው፣ ጨምረው ይል ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ደስ አለኝ... ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ደስ አለኝ፣ እፎይ አልኩ። በመስታወት ሳየው አንገቱ ወደ ጎን ወድቋል። ጌታዬ ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም።

የጣሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ለመዘጋት ሃያ ሰከንድ ይፈጃል። እንደዚያ ያለ ረጅም ሃያ ሰከንድ አይቼ አላውቅም። የውሃ ጠርሙሴን አናቱ ላይ ገለበጥኩት፣ ክራቫቱን ፈታሁት። ከሰልፉ ወጥቼ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ጭምር ነድቼ ክሊኒክ አደረስኩት።

ነርሷ ግሉኮስ ከሰካች በኋላ ጠየቀችኝ። ፀሐይ ነው የመታቸው፣ ሥራቸው ሜዳ ላይ ነው ወይ አለች።

«አይ፣ መኪና ውስጥ ነበርን።»

«መኪናው ጣሪያ የለውም?»

«አለው።»

«ኤሲስ?»

«አለው። ተከፍቶ ነበር።»

አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ እሱን። ካርዱ ላይ ምን እንደጻፈች አላየሁም። ስወጣ ወደ ጎን ወሰደችኝና ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለችኝ። አልጨረሰችውም።

ሰውየውን ልገድለው ነበር እኮ። አፌን ዘግቼ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

ባለቤቴ ራሷ ንገረው አለችኝ። ሰው ሞቶ ጡረታ አልፈልግም አለች። ቤቱ ሄድኩ። አልጋው ላይ ደገፍ ብሏል፣ አፍንጫው ላይ ቅባት ተቀብቷል።

«ጌታዬ፣ ኤሲው ተበላሽቶ አያውቅም። ጣሪያው ሲከፈት ከኋላ ወንበር አይደርስም። ጋዝም አልጎደለም፣ ዋሽቼዎታለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«መጋቢት አሥራ አንድ።»

«እየተቃጠልኩ እያየህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቀጮ ነግሮዎት ነበር።»

ግድግዳውን አየ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ፣ ያ ቤት ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ጡረታህ መቼ ነው አለኝ። ስድስት ወር ቀረኝ አልኩ። ሰኞ ጠዋት ና አለኝ።

ና ማለት ምን ማለት ነው? ለሥራ? ወይስ ቁልፍ ለማስረከብ? ቅዳሜና እሑድ እንዴት ያልፋሉ...

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

አልተባረርኩም። ለጊዜው።

ሦስት ቀን ተኝቶ አስቦ መፍትሔ ይዞ መጣ። ጣሪያውን መዝጋት? አይደለም። ፊት፣ ከሾፌር ጎን መቀመጥ? እሱማ ውርደት ነው። መሪውን ራሱ ያዘ! ቅዝቃዜው ያለው ሾፌሩ ጋ ነው ብለሃል አይደል አለኝ። የዘመኑ ሥራ አስኪያጅ ራሱ ነው የሚነዳው አለ።

እኔስ? መኪናዋን የሚጠብቅ፣ ቦርሳ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ኮቱን እንዳይጨማደድ ዘርግቶ አስተኛው። የቀረኝ ከኋላ በቀኝ በኩል ነው። ቦርሳውን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

በሩ ጋ ስንደርስ ጥበቃው እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ወንበር ዞሮ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ለኔ። ማን እንደሆንኩ ሲያይ እጁ ግንባሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አንገቴን ቦርሳው ውስጥ ልቀብር ምንም አልቀረኝም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8

ዋናው ጉልበቱን ሲያሻሽ አየሁት። ሳቄን ዋጥኩ። አናቴ ግን ነደደ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 11

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ጎዳና ነድቻለሁ። ማን አይቶኝ ያውቃል? መኪናዬን ነው የሚያዩት፣ ያውም እንዳትገጫቸው። አሁን ሰው ከእግረኛ መንገድ እጅ ይነሳኛል። መብራት ላይ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁልኝ። ሙቀቱ? አለ። ግን የቀድሞውን ያህል አይሰማኝም... ወይ ጉድ፣ ምን እያልኩ ነው?

ዛሬ አዲስ ሸሚዝ አወጣሁ። ባለቤቴ ለቦርሳ መያዝ አዲስ ሸሚዝ ምን ያደርጋል አለችኝ። ክራቫት የት እንዳለ ልጠይቃት ነበር፣ ተውኩት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ዛሬ ጉድ ፈላ።

የቦርድ ስብሰባው ትልቁ ሆቴል ነበር። ደጃፉ ላይ እንደቆምን በር ከፋቹ ሮጦ የኋላውን በር ከፈተልኝ። እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ አለኝ፣ ቦርሳውን ተቀበለኝ። ከዚያ ወደ መሪው ጎንበስ አለና፣

«ሾፌር፣ እዚህ አይቆምም። ወደ ጓሮ ውሰዳት» አለው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እሳቸው ናቸው ማለት ነበረብኝ፣ ሁለት ቃል ናት። አልተናገርኩም። ደንግጬ ነው ልበል? ... አይደለም። ጣፈጠኝ። ለበር ከፋቹ ጎንበስ አልኩለት፣ ደረጃ ወጣሁ። ሁለት ደረጃ። ሁለት! ዞር ስል ዋናው መሪውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ እያየኝ ነው።

ወርጄ ሮጥኩ፣ ይቅርታ አልኩ። ቁልፉን መዳፌ ላይ ጥሎ አልፎኝ ገባ። ከስብሰባው ወጥቶም በሌላ መኪና ነው የሄደው።

ባለቤቴ ስነግራት አልሳቀችም። ለሁለት ደረጃ ብለህ ስድስት ወር ልታጠፋ ነው ወይ አለችኝ። እኔ ነኝ እንግዲህ ስስቅበት የከረምኩት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16

ትናንት አልጠራኝም። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ የጸዳችውን መኪና ሳጸዳ ዋልኩ።

ዛሬ በጠዋት መጣ። ከኋላ በቀኝ በኩል ገባ።

«ጣሪያውን ዝጋው» አለኝ። «ሁለተኛ እንዳይከፈት። ጡረታህንም እዚሁ ትጨርሳለህ።»

ስለ ሆቴሉ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔም። ገባኝ፤ እኔን ቢያባርር ምክንያቱን መጻፍ ሊኖርበት ነው፣ ምን ብሎ ይጽፈዋል? ፀሐይ ያላሳመነችውን፣ ነርሷ ያላሳመነችውን ሰው በር ከፋች አሳመነው።

ጣሪያው ዝግ፣ ኤሲው ሁለት ላይ፣ ሁለታችንም ደረቅ። ጉልበቴ አያመኝም። ጡረታዬ አለልኝ። ባለቤቴ ስትሰማ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

በዋናው ጎዳና ስናልፍ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ዋናው መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ፣ ወላፈኑ ገባ፣ መልሶ ዘጋው። እንደከፋው አወቅሁ። ያወቅሁት ደግሞ እኔም ስለከፋኝ ነው።