ለአምቡላንሳችን ስለተመረጡት «ተመጣጣኝ» ጎማዎች

ለክቡር አቶ እጅጉ
የወረዳችን የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
በቢሮዎ፤ በስብሰባ ላይ ከሆኑም በስብሰባው አዳራሽ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ አቶ እጅጉ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎንስ እንዴት አደረግዎት? ባለፈው በሕዝብ መድረክ ስለ መልካም አስተዳደር ከጠዋት እስከ ምሳ ቆመው ሲያስተምሩን ስላየሁ፣ አሞዎት ይሆን ብዬ ስሰጋ ሰንብቻለሁ። እኔም እንደ ደብዳቤ ወግ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ ልልዎት ብዕሬን አንስቼ ነበር። ነገር ግን ደህና አይደለሁም። የምጽፍልዎት የልጅ ልጄን ቀብሬ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ መሪጌታ ክንፈሚካኤል እባላለሁ፤ በዋንዛ አምባ ጊዮርጊስ ዕድሜዬን ተማሪ ቅኔ ሳስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ። የቅኔ መምህርን ከመኪና ጎማ ጋር ምን አገናኘው ብለው ቢደነቁ አልቀየምም፤ እኔም እስካለፈው ወር ድረስ የሚያገናኘን ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ደብዳቤውን በግልጽ መጻፌና አንዱን ቅጂ በገበያው መግቢያ መለጠፌም ድፍረት እንዳይሆንብኝ እለምንዎታለሁ። ከዚህ ቀደም የጻፍሁትን በአስተያየት መስጫ ሳጥንዎ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ የሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቷል ተብሎ ስለተነገረኝ፣ በሥራ ብዛት ላይ ቁልፍ ፍለጋ ልጨምርብዎት አልፈለግሁም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እናንተ ቤት ተራ ቁጥር የሌለው ነገር አይነበብም ሲባል ሰምቻለሁና።

፩ኛ. ስለ ቃል አተረጓጎማችሁ። የአምቡላንሷ ሹፌር ወንዳወቅ፣ የጎማዎቹ ጥርስ አልቆ ሸራቸው መታየት ሲጀምር ለኮሚቴዎ ማመልከቻ አስገባ። ማመልከቻው «ለመኪናዋ ተመጣጣኝ የሆኑ አራት ጎማዎች እንዲገዙልን» የሚል ነበር። ልጁ ማለቱ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከሙ፣ እርስ በርሳቸው የማይበላለጡ፣ የመንገዳችንን ድንጋይ የሚችሉ ጎማዎች ማለቱ ነው። ኮሚቴዎ ግን «ተመጣጣኝ» የምትለውን ቃል ሲያይ በየሱቁ ደጃፍ የሚለጠፈው «በተመጣጣኝ ዋጋ» ትዝ አለው መሰል፣ ሹፌሩ ራሱ ርካሽ ጎማ ጠየቀን ብሎ እጅግ ተደሰተ። ወንዳወቅም በዚያው ስብሰባ በቁጠባ አርአያነቱ በስሙ ተጠርቶ ተጨበጨበለት። ለምን እንደተጨበጨበለት ያወቀው ጎማዎቹ ከመጡ በኋላ ነው።

በእኛ ቤት እንዲህ ያለችውን፣ ሁለት ነገር በአንድ አፍ የምትናገረውን ቃል፣ ኅብር እንላታለን። ሰሟ ዋጋ ነው፤ ወርቋ ልክ ነው። አንድ ተማሪ ሰሙን ይዞ ወርቁን ቢስት ቅኔው ፈረሰ ይባልና ወደ ዛፍ ጥላው ተመልሶ እንደገና ይቆጥራል። በእናንተ ቤት ግን ወርቁ ሲሳት የግዥ ትእዛዝ እንደሚወጣበት ተምሬያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ የቅኔ መንገድ ስላሳያችሁኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

፪ኛ. ስለ ምርጫችሁ ጥበብ። ኮሚቴዎ ለዚህ ግዥ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ደርሶ መመለሱን፣ ለድካሙም አበል እንደተቆረጠለት ሰምተን ደስ ብሎናል። ከየነጋዴው ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ፣ ከሁሉ ያነሰው ዋጋ ላይ ጣታችሁን አሳረፋችሁ። ይህን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ከጎማዎቹ አንዱን እንኳ በእጃችሁ አለመንካታችሁ የንጽሕና ጉዳይ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ጎማ ልብስ ያቆሽሻል።

አቶ እጅጉ፣ ውድ ጎማ ለምን አልተገዛም የሚል ሰው አድርገው እንዳያዩኝ። እኔ ድሀ ነኝ፤ ርካሽ መግዛት ምን እንደሆነ ከኮሚቴዎ አባላት ሁሉ በላይ አውቃለሁ። ድሀ ርካሽ ሲገዛ ዕቃውን ይገለብጣል፣ ያሸታል፣ በጥፍሩ ይጭራል፣ በጥርሱ ሁሉ ይሞክራል፤ ሁለተኛ የሚገዛበት የለውማ። ወንዳወቅ እንደሚለው ጎማዎቹ በተገዙበት በዚያው ሱቅ ውስጥ ዋጋው ከውዱ በብዙ የሚያንስ፣ የከባድ መኪና ሸክም የሚችል፣ ጥርሱ ወፍራም የሆነ መካከለኛ ጎማ ነበር፤ የጭነት አይሱዙ ያላቸው ነጋዴዎች ሁሉ የሚገዙት እሱን ነው። ኮሚቴዎ የመረጠው ግን አስፋልት ላይ ለምትንሸራሸር ትንሽ መኪና የተሠራውን ነው። ቸርኬው ላይ ይገባል፤ ይህን አልክድም። የእኔም እግር የልጅ ጫማ ውስጥ ተገፍቶ ይገባል። ሁለቱ የአንድ ፋብሪካ፣ ሁለቱ የሌላ ፋብሪካ ነበሩ፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ከመክረማቸው የተነሣ ጎናቸው በበጋ እንደምናየው ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል።

ወንዳወቅ ይህን አይቶ እነዚህ ጎማዎች በሽተኛ አይጭኑም ብሎ ሲናገር፣ በግምገማ ላይ የአመለካከት ችግር እንዳለበት ተነግሮት ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተደረገ። አደረገም። የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ጎማ ከመለወጥ የሰውን አመለካከት መለወጥ እንደሚቀል ያሳያችሁበት መንገድ በእውነት የሚደነቅ ነው።

፫ኛ. ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ፒክ አፕ። በዚያው ሰሞን ለፒክ አፓችሁ የተገዙት ጎማዎች ሰፊ፣ ጥርሳቸው ጣት የሚያስገባ፣ ሲያዩአቸው ዓይን የሚሞሉ ናቸው። ለልማት ክትትል አስቸጋሪ ቦታ ስለሚገቡ ነው ተብሎ ተነግሮናል። በገበያ ቀን ቡሬ ላይ ጥላ ሥር ቆመው አይተናቸዋል። ያለ ስንጥቅ ይቆዩልን።

፬ኛ. ለዚህ ቁጥር ምን ርእስ እንደምሰጠው ቸገረኝ።

የዳግማ ትንሣኤ ማግስት ጠዋት ልጄን ያምሮትን ምጥ ያዛት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ዳሰሰቻትና ሕፃኑ በአግድም ተኝቷል፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን አለች። አምቡላንሷ ተጠራች፤ መጣችም። ሲጠሯት መምጣቷን መካድ ኃጢአት ነው። ያምሮትን አስተኛናት፤ ባሏ ታከለ ራሷን ያዘ፤ እኔ ከወንዳወቅ አጠገብ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመርሁ። የእሾህ በርን ቁልቁለት እኩሌታውን እንደወረድን የፊተኛው ጎማ ፈነዳ። መኪናዋ ወደ ገደሉ አዘነበለች፤ ወንዳወቅ መሪውን ታግሎ ከተራራው ጥግ አስደገፋት። ስኮርታ ተብሎ ለመጠባበቂያ ከኋላ የተሰቀለው ከአሮጌዎቹ አንዱ፣ ያው ሸራው የወጣው ነበር። እሱን ቀይሮ ጥቂት እንደሄድን እሱም ተነፈሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጨዋ ቃል ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። በየማሳው ሲያርሱ የነበሩ ሰዎች ሞፈርና ቀንበራቸውን ጥለው ሮጠው መጡ፤ እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ። ታግለው ተሸክመዋት ብዙ ሳንርቅ ያምሮት አውርዱኝ አለች። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን ዙሪያዋን ዘርግተው ጋረዷት። እኔ ከነጠላው ወዲህ ቆሜ የሕፃን ልቅሶ እጠብቅ ነበር። ልቅሶ የሰማሁት የሴቶቹን ነው። ወንድ ልጅ ነበር። ያምሮትን እህል የጫነ አይሱዙ አግኝቶ ሆስፒታል አደረሳት፤ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ብርታት ተርፋለች። ጡቷ ወተት ሞልቶ ሲያማት እናቷ ስታልብላት አያለሁ፤ እወጣለሁ፤ ሌላ የማደርገው የለኝም።

በስንቱ ሰው ፍትሐት ላይ ቆሜ ያዜምሁ ሰው በልጅ ልጄ መቃብር ላይ አፌን ዘግቼ ቆምሁ፤ ሳይጠመቅ ነውና የሞተው፣ ፍትሐት የለውም። ስምም የለውም። በዚህ ተናድጃለሁ፤ አቶ እጅጉ፣ ንዴቴን በትሕትና ልሸፍነው ብል እንኳ ትሕትናዬ አጠረብኝ።

ወደ ጨዋነቴ ልመለስ።

፭ኛ. ስለ ፈጣን ምላሻችሁ። ከቀብሩ በኋላ አጣሪ ቡድን ልካችሁ፣ ቡድኑም በዚያው በፒክ አፑ በሰላም መጥቶ በሰላም ተመልሷል። ችግሩ የአሽከርካሪ ጥንቃቄ ጉድለት መሆኑ ተረጋግጦ ወንዳወቅ ከሥራ ታግዷል። ስለ ጎማዎቹ ግን አቅጣጫ ተቀምጧል ተብለናል። አቅጣጫው የተቀመጠበትን ቦታ አላወቅንም፤ አምቡላንሷ ግን ከጽሕፈት ቤታችሁ አጥር ሥር በድንጋይ ተደግፋ መቀመጧን ሁላችንም እናያለን። ዶሮዎች ከሥሯ ይጠለላሉ፤ በከንቱ ከመቆም ይሻላል፣ እሱም አገልግሎት ነው።

እንግዲህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ጎረቤቴ ካሰች የመውለጃ ወሯ ገብቷል፤ ከእሷ ኋላም ሌሎች አሉ። ክረምቱ ሳይገባ ለመኪናዋ ልኳ የሆነ ጎማ ግዙላት። ውድ አላልሁም፤ ልክ ነው ያልሁት። ቃሉ እንደገና እንዳያሳስታችሁ «ተመጣጣኝ» የሚለውን ሆነ ብዬ ትቼዋለሁ። ጎማው ከተገጠመ በኋላም፣ ከቢሯችሁ የምትተርፍ አንዲት ጠዋት ከተገኘች፣ የኮሚቴው አባላት በሙሉ ከኋላ፣ በሽተኛ በሚተኛበት ላይ ተቀምጣችሁ የእሾህ በርን ቁልቁለት አንድ ጊዜ ውረዱት። ከታች ደርሳችሁ እጃችሁ ካልተንቀጠቀጠ በደረሰኙ ላይ ፈርሙ። ወንዳወቅንም ወደ መሪው መልሱት፤ ያን ቀን እሱ ባይሆን ኖሮ ገደሉ እኔንም ልጄንም ባሏንም ይወስደን ነበር፤ ይህ ደብዳቤም ባልደረሰዎት፣ ዕረፍት ባገኙ።

ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ወንበርዎን ያደላድልልዎት፤ የልጆችዎን ክርስትና በድግስ የሚያሳይ ቸር አምላክ እርስዎን በአምቡላንስ ከመሄድ ይሰውርልዎት። በዕድሜ የሚበልጥዎት፣ በሥልጣን ከበታችዎ የሆነ፣ በጎማ ጉዳይ ሳይወድ የተማረ አክባሪዎ፣

መሪጌታ ክንፈሚካኤል
ዋንዛ አምባ ጊዮርጊስ፣ ግንቦት ፳፻፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአስተያየት መስጫ ሳጥኑ፣ ቁልፉ እስኪገኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ላደርስ ስመጣ በጽሕፈት ቤታችሁ በር ላይ አዲስ የተሰቀለውን ትልቅ ጨርቅ አነበብሁ፤ በዚህ ዓመት ከወረዳችን እናቶች አንዲትም በቤቷ እንዳልወለደች ይናገራል። መጀመሪያ ደሜ ፈልቶ ውሸት ነው ብዬ ልጮህ ነበር። ኋላ ግን ቆም ብዬ ቃሉን አንድ በአንድ መረመርሁት፤ ስሕተት አጣሁበት። እባክዎ ማንም ቢመጣ ጨርቁን እንዳያስነሣዎት፣ ምስክር ካስፈለገም ይጥሩኝ፤ መስቀል ጨብጬ እምላለሁ፦ ልጄ ያምሮት በቤቷ አልወለደችም።