የናቲ እሑዶች

ጥቅምት 2፣ እሑድ፣ 6፡00 ሰዓት
ዛሬም ልጄን ናቲን ጣለው። ቤ/ክ ውስጥ፣ ከቁርባን በፊት፣ እንደ ሁልጊዜው። አራት ደቂቃ። ሦስተኛው መድኃኒት ከተጨመረ ሁለት ወሩ፤ ለውጥ የለም። አማቴ እማማ አስካለ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይወድ ነገር ልጁ ላይ አለ ባይ ናቸው። እኔም ሳላምን አልቀረሁም። ገና ስድስት ዓመቱ ነው እኮ፣ ማንን በደለ?

ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። ከመስከረም ወዲህ ቅዳሜ ማታ እራት አልሰጠውም። ጾሙ ሲጠነክር ይሻለዋል ብዬ። ማንም አያውቅም።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ካዛንቺስ ካለው መ/ቤቴ አስፈቅጄ ወጣሁ። ሜክሲኮ፣ አዲሷ የነርቭ ሐኪም ጋ። ወጣት ናት፤ አላስቸኮለችንም። መቼ መቼ እንደሚጥለው ጠየቀች። እሑድ ጠዋት አልኳት። ምን በልቶ ነበር አለች። ምንም፣ ይቆርባል አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።

ስለ እራቱ ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
ሐኪሟ ባዘዘችው መሠረት ለምርመራ በባዶ ሆዱ ከጀርባው ፈሳሽ ተቀዳ። አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ የነርሷ ጫማ ለምን አረንጓዴ ሆነ ብሎ ጠየቀ። ውጤት፦ የደሙ ስኳር ደህና ነው፤ አንጎሉ ጋ የሚደርሰው ግን በጣም ጥቂት። ስኳሩን ከደም ወደ አንጎል የሚያሻግረው ነገር ከተፈጥሮው ደካማ ነው። ብዙ የማይገኝ በሽታ። መድኃኒቱ አላስቆም ያለው ለዚህ ነው። ከስብ የሚገኘው ጉልበት ግን በሌላ መንገድ ይገባል። ስለዚህ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ በሚዛን። እንጀራ የለም። ዳቦ የለም።

ሲርበው ይብስበታል አለች ሐኪሟ። ሌላው ንግግሯ አልተሰማኝም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ
አዲሱን ምግብ ከጀመረ ሁለት ሳምንት፤ የጣለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ። ትናንት ናቲ ከሳህኔ እንጀራ ሊሰርቅ ሲል ያዝኩት። የሌባ ዓይኑ! ሳቅን። ቀላል ቀን ነበር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11፡00
ከነገ ወዲያ ጾመ ነቢያት ይገባል። እማማ አስካለ ነገ ለምስጋና ናቲን ሊያስቆርቡት ነው፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ። የንስሐ አባታችን ለታመመ ሕፃን ግዴታ የለበትም ብለዋል። ይህንኑ ለእማማ ነገርኳቸው። «ቅቤ በልቶ የሚቆርብ የት ታይቷል? ተይ ልጄ፣ የተሻለውን ልጅ መልሰሽ እንዳታስይዢው» አሉ።

ደግ ሴት ናቸው። ዝም ካልኩ በደግነታቸው ያስርቡታል። እኔም የወደድኩት መስሎኝ ነበር ያስራብኩት።

ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ናቲ እግራቸው ሥር ይጫወታል። የሐኪሟን ቃል አያምኑም፤ የእኔን ጥፋት ግን ያምናሉ። አምስት ቅዳሜ እራት ከለከልኩት፣ አምስቱም እሑድ ሕመሙ በረታበት እላቸዋለሁ። ይቀየሙኝ። ናቲም ይስማ።

እንቁላሉን ጥጄ ልግባ።