በጠመኔ የተሰመረችው መኪና

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ
ልምምድ እንደወትሮው አጎቴ ጋራዥ ውስጥ። ያቺ የሞተች መኪና ዛሬም መሃል ተጋድማለች፤ እኛ ዙሪያዋን ተጣበን። ድራሜ ከፊት መብራቷ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው። አሳታሚ የለን፣ ስፖንሰር የለን… ግን ቅዳሜ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ እንጫወታለን! እኛ!

ዘፋኛችን ቀውላላው ግን ከረባት ገዝቶ መጣ። ባንክ ሥራ አግኝቷል አሉ።
"ቅዳሜ ካልቀናን ሰኞ እገባለሁ" አለ።
ቤዝ የምትመታው ጉንዳን (ስሙን ቁመቷ ነው ያወጣላት) "አንተ ከሄድክ ማን ሊዘፍን? እኔ?" አለችው። ሳቅን። የእኔ ከአንገት በላይ ነበር። እሱ ከሄደ ባንዱ አለቀለት።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ፣ ከመድረክ ጀርባ
ጉድ ሆነን ነበር! ድምፅ ስንሞክር አንዳችንን ወዲያ፣ አንዳችንን ወዲህ አቆሙን። መድረኩ ሜዳ ነው። እኔ ምት የምቀይረው የጉንዳንን እግር አይቼ ነው፤ እሷ የቀውላላውን ትከሻ አይታ። ጋራዥ ውስጥ የለመድነው እንዲህ ነው… ማን ማንን ይይ? የጀመርነው ሁሉ ተበላሸ።

"ግን ተለማምዳችኋል?" አለን የድምፅ ባለሙያው። ቀውላላው ከረባቱን ከኪሱ አውጥቶ ሲያየው ክው አልኩ።

አጎቴ በቱታው ቆሞ ሲያየን ቆይቶ "እናንተ ልጆች፣ መኪናዋን ረስታችሁ መጣችሁኮ!" አለ። ጠመኔ አወጣ። መድረኩ መሃል ተንበርክኮ ሰመራት፤ በሯን፣ መብራቷን፣ ጎማዋን ሳይቀር!
"በሉ፣ ቦታ ቦታችሁን ያዙ።"
ያዝን። የጉንዳን እግር ታየኝ። አሁን እየጠሩን ነው…

ሚያዝያ 12፣ እሑድ
እጄ አብጦ እስክሪብቶ አልጨብጥ ብሎኛል። ይበለው! ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር! ቀውላላው እንደ እብድ ሲዘል እንኳ መኪናዋን አልረገጣትም፤ በዙሪያዋ ነው የሮጠው። ከፊት ያሉት ምን እንደሚዞር ግራ ገብቷቸው አብረው ይጮሃሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የአጎቴ ድምፅ፦ "በሯን እንዳትገጨው!"

ደስ ብሎኛል። ግን ነገ ሰኞ ነው… ልጠይቀው ፈራሁ።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ
ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።
"ሥራስ?"
"ክፈቺ እንጂ፣ ረፈደ!"

አጎቴ መኪናዋን ላስወጣላችሁ ቢለን ሦስታችንም "እንዳትነካት!" ብለን ጮህንበት። የድራሜን የነሐስ ሳህን የሚሸከመው እግር እንደልማዱ ሲወዛወዝ ቀውላላው ተነሳና በአዲሱ ከረባት ጠፍሮ አሰረልኝ። አሁን ፍንክች አይልም።