የሮዚ ምልክት

ይድረስ ለወንድሜ ለኤሚል፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ኤልሳና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከእማዬ ኀዘን በቀር ደኅና ነኝ፤ ይሄም ደኅና ከተባለ።

ቀብሩ መቼ ነው ብለህ በቴሌግራፍ ጠይቀሃል። አልተቀበረችም። አትደንግጥ፣ ልንገርህ።

የሕፃኗ እኅታችን የሮዚ መቃብር ድንጋይ እንደሌለው ታውቃለህ። ምልክቷ ያ ቢጫ ኮምፓስ አበባ ነበር፤ ቅጠሉን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሮ የሚቆመው፣ ልጆች ሆነን ሙጫውን የምናኝከው። ሌላው ሜዳ ሁሉ ታርሶ በቆሎ ሲሆን እሱ መቃብር ቦታው ላይ ብቻ ተረፈ። ባለፈው ሐምሌ ጎረቤታችን ዎልተር ደግ ሠራሁ ብሎ መቃብሩን በማጨጃ ላጨው፤ እስከ ውርጭ ድረስም ደጋገመው። ምን ይባላል? እኛ አገር ሣር የዋጠው መቃብር ነውር ነው። አንጀቴ ግን አረረ።

እማዬ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር አላየችም። አበባው ፈነዳ ወይ ባለችኝ ቁጥር አዎ እላት ነበር። አንድ ቀን እስኪ ቅጠሉን አምጪልኝ አለች። ጨነቀኝና ከጓሯችን የሱፍ ቅጠል ቆርጬ ሰጠኋት። ዳሰሰችው፣ አሸተተችው።

«ይሄ ሙጫ የለውም። አጨዱት፣ አይደል?»

እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ሥሩ ከሬሳ ሣጥን በታች ስለሚወርድ በቀላሉ አይሞትም፣ ግንቦት ላይ ብቅ ይላል አለችኝ። እሷ ግን ለግንቦት እንደማትደርስ ታውቅ ነበር።

«በግምት እንዳትቀብሩኝ። አቆዩኝ። ከልጄ ጎን ነው የምተኛው።»

ስለዚህ በረዶ ሲጠና ሬሳ በሚቆይበት በመቃብር ቦታው የድንጋይ ቤት ውስጥ አለች። ቄሱ ቅር ብሏቸዋል። መሬቱ ብረት ሆኗል፣ ሥሩን ቆፍሮ መፈለግም አይሆንም። ዎልተር ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ጠዋት ጠዋት ከደጇ በረዶ ይጠርጋል። አላናግረውም ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም።

እንግዲህ ግንቦት ላይ ና። ሲበቅል መጀመሪያ ቅጠል ብቻ ነው፤ አበባ የለውም፣ እኔ ብቻዬን ልስተው እችላለሁ። ጨርሶ ባይበቅልስ? ያን ጊዜ የት እንደማስተኛት አላውቅም፣ ኤሚል። እፈራለሁ።

ኤልሳን ሳምልኝ። ትልቁ ልጅህ በትምህርቱ እንዲበረታ ንገረው፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ዎልተርም አፍሮ ሰላም በይልኝ ብሏል። እማዬም ሰላም ብላሃለች ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ ለምዶ።

እኅትህ አዴላ

አይዋ፣ የካቲት 9 ቀን 1958 እ.ኤ.አ.